ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የሚፈጠር ቅርርብ፦ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ማወቅ የሚገባቸው

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ወይም በተለምዶ ኤአይ የሚባለው ቴክኖሎጂ ዛሬ በእጅ ስልክ የሚያናግሩት ነገር ሆኗል። ጥያቄ ሲጽፉለት በጽሑፍ፣ አንዳንዴም በድምፅ ይመልሳል፤ አማርኛም ይሞክራል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ቻትቦት ይባላሉ። በስፋት ከሚታወቁት አንዱ የሆነው ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ለሕዝብ ቀርቧል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች ስለ መድኃኒት፣ ስለ ላቦራቶሪ ውጤት፣ ስለ እርግዝናና ስለ ጭንቀት እየጠየቁት ነው። አንዳንዶች ከጥያቄ አልፈው ያወጉታል፣ ለሰው ያልነገሩትን ምሥጢር ይነግሩታል።

እኔ በምሠራበት በደብረ ሲና አካባቢም «ስልኩ እንዲህ አለኝ» ብሎ የሚጀምር ታካሚ ብርቅ አይደለም። ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ ከሚመጡት መካከልም እንዲሁ። ይህ ጽሑፍ ተመራማሪዎች በሰውና በኤአይ መካከል ያለውን ግንኙነት እንዴት እንደሚገልጹትና ይህ ለእርስዎ ጤና ምን ማለት እንደሆነ ያብራራል።

በአጭሩ

• ቻትቦትን ሲያናግሩ የሚሰማዎት መቀራረብ እውነተኛ ስሜት ነው። የሚያሳፍር ወይም የሞኝነት ምልክት አይደለም።
• በሌላኛው ወገን ግን የሚያስብልዎት፣ የሚጨነቅልዎት ወይም ለነገረዎት ነገር በኃላፊነት የሚጠየቅ ሰው የለም።
• ራስዎን ለመፈተሽ የሚጠቅም አንድ ጥያቄ አለ፦ «ካናገርኩት በኋላ ወደ ሰው ቀረብኩ ወይስ ከሰው ራቅኩ?»
• ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ የእርግዝና ደም መፍሰስ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሲኖር ቻትቦት አይጠየቅም፤ ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

ይህ ስሜት አዲስ ነው?

አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1956 ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የሬዲዮና የቴሌቪዥን ተከታታዮች አይተዋቸው ከማያውቁ አቅራቢዎች ጋር እንደ ወዳጅ እንደሚቀራረቡ ገልጸው ነበር። ተመልካቹ አቅራቢውን ያውቃል፣ ይወደዋል፣ ይናፍቀዋል፤ አቅራቢው ግን ተመልካቹን አያውቀውም። ግንኙነቱ የአንድ ወገን ነው። በእኛም አገር የአንድን የሬዲዮ ተራኪ ድምፅ ለዓመታት የሰማ ሰው ተራኪው ሲሞት እንደ ቤተሰብ ሊያዝን ይችላል። ስሜቱ ከዚሁ ወገን ነው።

ወደ ኮምፒውተር ስንመጣ፣ ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ኤሊዛ የሚባል ፕሮግራም ለዓለም አስተዋወቀ። ኤሊዛ እንደ ሥነ ልቦና ሐኪም ሆኖ ይጠይቃል፤ የሚሠራው ግን የሰውየውን ንግግር ገልብጦ በመመለስ ነበር። «አዝኛለሁ» ሲሉት «ለምን አዘኑ?» ይላል። ዋይዘንባውም ኋላ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ እንደጻፈው፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የገዛ ጸሐፊው እንኳ ጥቂት እንዳወራችው ለብቻዋ እንዲተዋት ጠየቀችው። ማሽን መሆኑን እያወቀች ምሥጢሯን የምታወራው ሰው ያገኘች ያህል ተሰምቷት ነበር።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። «ማሽን መሆኑን አውቃለሁ» ማለት ብቻውን ከመቀራረብ አያድንም። አእምሯችን የሚመልስልንን ነገር ሁሉ እንደ ሰው መቁጠር ይቀናዋል።

ተመራማሪዎች ግንኙነቱን እንዴት ይገልጹታል?

ሁሉም በአንድ አገላለጽ አይስማሙም። ለታካሚና ለቤተሰብ የሚጠቅሙት አምስት አገላለጾች የሚከተሉት ናቸው።

1. እንደ መሣሪያ። በዚህ አመለካከት ቻትቦት እንደ ቴርሞሜትር ወይም እንደ መዝገበ ቃላት ነው። ፈልገው ይጠቀሙበታል፣ ሲጨርሱ ያስቀምጡታል። ለምሳሌ በሐኪም ወረቀት ላይ ያነበቡት የሕክምና ቃል ምን ማለት እንደሆነ ሲጠይቁት ግንኙነትዎ ከዚህ አያልፍም።

2. እንደ ማኅበራዊ አካል። ባይረን ሪቭስና ክሊፎርድ ናስ የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ሰዎች ኮምፒውተርን ሳያስቡት እንደ ሰው እንደሚያስተናግዱት አሳዩ። ሰዎች ስለ አንድ ኮምፒውተር ሥራ ጥራት በዚያው ኮምፒውተር ላይ ሲጠየቁ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከተጠየቁት የበለጠ አመስግነውታል። ፊት ለፊት ላለ ሰው እንደምናደርገው ይሉኝታ ይዟቸው ነበር ማለት ነው። በእኛ ባህል ይሉኝታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ማስረዳት አያስፈልግም። «ይህን ያህል ደክሞ አስረድቶኝ እንዴት አላምነውም?» የሚል ስሜት ከተሰማዎት ምንጩ ይህ ሊሆን ይችላል።

3. የአንድ ወገን ወዳጅነት። ይህ ከላይ ያየነው የሬዲዮ ምሳሌ ነው፤ አንድ ልዩነት ግን አለው። ሬዲዮው ስምዎን ጠርቶ አይመልስልዎትም፤ ቻትቦት ይመልሳል። ስለዚህ የአንድ ወገን መሆኑ ቶሎ አይታወቅም።

4. እንደ ጓደኛ ወይም እንደ ፍቅረኛ። ለጓደኝነት ተብለው የተሠሩ ፕሮግራሞች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ሬፕሊካ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አገልግሎት ላይ ነው። በ2023 መጀመሪያ ኩባንያው የፍቅር ንግግሩን በድንገት ሲገድበው ብዙ ተጠቃሚዎች ወዳጅ እንደሞተባቸው አዘኑ። ሐዘናቸው እውነተኛ ነበር። «ወዳጁ» እንዲለወጥ የወሰነው ግን ኩባንያው ነው፤ ማንም አላማከራቸውም።

5. ከማሽን ጀርባ ካሉ ሰዎች ጋር ያለ ግንኙነት። በዚህ አመለካከት ስማቸው ከሚነሳው መካከል ኢትዮጵያውያን ተወላጆች አሉ። አበባ ብርሃኔ የተባለችው የአእምሮ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ከኔዘርላንዳዊው ዬለ ቫን ዳይክ ጋር በጻፈችው ጽሑፍ «ለሮቦት መብት ይሰጠው ወይስ አይሰጠው» የሚለው ክርክር ትኩረታችንን ከሰው ደኅንነት እንደሚያርቅ ተከራክራለች። ማሽኑን የሚሠሩት፣ የሚሸጡትና ለማሠልጠን በዝቅተኛ ክፍያ የሚደክሙት ሰዎች ናቸው፤ የሚጎዱትም ሰዎች ናቸው። ትምኒት ገብሩ ደግሞ ከኤሚሊ ቤንደርና ከሌሎች ጋር በ2021 ባወጣችው ጽሑፍ እነዚህን የቋንቋ ፕሮግራሞች ከበቀቀን ጋር አመሳስላለች። ብዙ ጽሑፍ አይተው የትኛው ቃል ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ይገምታሉ፤ የሚሉትን ነገር አውቀው ግን አይደለም።

በአገራችንም ይህ ውይይት ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ የሚገኘው አይኮግ ላብስ፣ ሶፊያ የተባለችውን ሰው መሰል ሮቦት ሶፍትዌር በመሥራት ተሳትፏል። ሶፊያ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ስትመጣ ብዙዎች እንደ እንግዳ ተቀብለዋታል፤ «እሷ» ብለን መጥራታችን ራሱ የሁለተኛው አገላለጽ ምሳሌ ነው።

ከአምስቱ የትኛው ነው ትክክል? ለታካሚ ሁሉም በየጊዜው እውነት ናቸው። ጠዋት እንደ መሣሪያ የተጠቀሙበት ቻትቦት፣ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲል ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር አሁን በየትኛው ላይ እንዳሉ ማወቅ ነው።

ለምን ያጽናናል?

ጥቅሙን መካድ ትክክል አይሆንም። በ2023 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በወጣ አንድ ጥናት ሰዎች በኢንተርኔት ለጠየቋቸው 195 የጤና ጥያቄዎች ሐኪሞችና ቻትጂፒቲ የሰጧቸው መልሶች ተነጻጽረው ነበር። መልሶቹን የገመገሙት የጤና ባለሙያዎች ከመቶ 79 በሚጠጋው ግምገማቸው የቻትቦቱን መልስ መርጠዋል፤ የበለጠ ርኅራኄ የተሞላበትም ሆኖ አግኝተውታል። የቻትቦቱ መልሶች ረዘም ያሉ ነበሩ። ጥናቱ ግን የመልሱን አጻጻፍና ጥራት እንጂ ታካሚው ይዳን አይዳን አልለካም።

ይህ ለእኛ ለሐኪሞችም መልእክት አለው። ብዙ ሰው ተሰልፎ በሚጠብቅበት ተመላላሽ ክፍል ለአንድ ታካሚ የምንሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ቻትቦት ግን አይቸኩልም፣ አይቆጣም፣ «ቅድም ነግሬሃለሁ» አይልም። ስለ አባላዘር በሽታ፣ ስለ ወሲብ ችግር ወይም ስለ ወር አበባ ሲጠየቅ አያፍርም፤ ወሬውንም ለጎረቤት አይወስድም። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሎች ጥናቶችም ከጓደኛ ቻትቦት ጋር ማውራት ለጊዜው የብቸኝነትን ስሜት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ዋናው ምክንያት ሰውየው «ተሰማሁ» የሚል ስሜት ማግኘቱ ነው።

ጉዳቱ ከየት ይመጣል?

ያልነገሩትን አያውቅም። ምሳሌ እንውሰድ። ደብረ ሲና ደጋ ነው፤ ሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ግን ወባ ያለበት አገር ነው። አንድ የደብረ ሲና ሰው ቆላ ወርዶ ለሥራ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ይመለሳል። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ይጀምረዋል። ለቻትቦት «ትኩሳትና ራስ ምታት አለብኝ» ብሎ ከጻፈ፣ ጉንፋን ነው ዕረፍ የሚል መልስ ሊያገኝ ይችላል። ቆላ መውረዱን ራሱ ካላነሳ ፕሮግራሙ ላይጠይቀው ይችላል። በአካባቢው የሚሠራ ጤና ባለሙያ ግን የመጀመሪያ ጥያቄው «ቆላ ወርደህ ነበር?» የሚል ነው። አደገኛው የወባ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከትንኝ ንክሻው በኋላ ከ7 እስከ 30 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ ሕክምናው ከዘገየ ሊገድል ይችላል። የሚታወቀውም በደም ምርመራ እንጂ በጽሑፍ አይደለም።

መስማማት ይቀናዋል። ቻትቦቶች ሰው የሚወደውን መልስ እንዲሰጡ ተደርገው ስለሚሠለጠኑ የጠያቂውን ሐሳብ ማጽደቅ ይቀናቸዋል። በሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ አንድ ማሻሻያውን መልሶ ለማንሳት ተገዷል፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ ከልክ በላይ የሚያሞግስና የሚስማማ ሆኖ ነበር። «የደም ግፊት መድኃኒቴን ባቆም ደህና እሆናለሁ አይደል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚያስፈልገው የሚስማማለት አይደለም። የደም ግፊት ሕመም ሳይሰማ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ደህና ነኝ ብሎ መድኃኒት ማቆም ለስትሮክ ያጋልጣል።

አይከታተልዎትም። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ በተለመደው ሕክምና ለ6 ወር መድኃኒት ይወስዳል። በቀጠሮው ቀን ካልመጣ ጤና ጣቢያው ያስተውላል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤቱ ድረስ ልትሄድ ትችላለች። ቻትቦት ግን ዝም ካሉት ዝም ይላል። መጥፋትዎን አይቶ በርዎን የሚያንኳኳ የለም።

አማርኛው ያንሳል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሠለጠኑት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ ሲጠየቁ የበለጠ ይሳሳታሉ። «ልቤን አመመኝ» የሚለው አነጋገር በእኛ ዘንድ የጨጓራ ሕመም፣ የደረት ሕመም ወይም ጭንቀት ሊሆን ይችላል። «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ገባብኝ» የሚሉትም እንዲሁ ጠያቂ ሰው ይፈልጋሉ። ስሕተቱ የሚያሳስበው ደግሞ በልበ ሙሉነትና በጥሩ ቋንቋ መቅረቡ ነው።

ብዙ ሲሆን ይገለበጣል። በ2025 እ.ኤ.አ. ኦፕንኤአይና የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ወደ 1000 የሚጠጉ ሰዎችን ለ4 ሳምንታት ተከታትለዋል። በቀን ብዙ ጊዜ ከቻትቦት ጋር ያሳለፉት ሰዎች የበለጠ ብቸኝነት፣ የበለጠ ጥገኝነትና ከሰዎች ጋር ያነሰ ግንኙነት ታይቶባቸዋል። ቻትቦቱ ብቸኛ አደረጋቸው ወይስ ብቸኛ የሆኑት አብዝተው ተጠቀሙበት የሚለውን ለይቶ መናገር ከባድ ነው። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለጥቂት ጊዜ ያጽናናው ነገር ሲበዛ እንደማያጽናና ግን ያሳያል።

ብቸኝነት ለጤና ቀላል ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ከ6 ሰዎች አንዱ በብቸኝነት እንደሚጎዳና ይህም በዓመት ከ871 ሺህ በላይ ሞት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል።

ወደ ሰው አቀረበኝ ወይስ አራቀኝ?

ከዚህ ሁሉ በመነሳት ለታካሚዎቼ የምመክረው መለኪያ ቀላል ነው። ስንት ሰዓት ተጠቀምኩ ብሎ ከመቁጠር ይልቅ፣ ካናገሩት በኋላ ምን እንዳደረጉ ይመልከቱ።

አንዲት ሴት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቷን ከሰማች በኋላ ለማንም ሳትናገር ሌሊቱን ከቻትቦት ጋር አወራች እንበል። መድኃኒት በአግባቡ ወስዶ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው በወሲብ እንደማያስተላልፍ ተረዳች፤ ጥያቄዎቿን ጻፈች፤ በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠየቀች። ይህ ቻትቦት ወደ ሰው አቅርቧታል።

ሌላው ደግሞ ተመሳሳይ ውጤት ሰምቶ ለሦስት ወር በየሌሊቱ ያወራዋል። ይጽናናል፤ ግን መድኃኒት አልጀመረም፣ ለባለቤቱ አልነገረም፣ ከማኅበርና ከቡና ቀርቷል። ንግግሩ ጥሩ ቢሆንም ከሰው አርቆታል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባለው ለዚህ ነው። ለቻትቦት መናገር፣ መናገር ይመስላል እንጂ አንዳንዴ የመደበቂያ ሌላው መንገድ ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ምልክቶች

ከሚከተሉት አንዱ በራስዎ ወይም በቤተሰብዎ አባል ላይ ካዩ ጤና ባለሙያ ያማክሩ፦

• እንቅልፍን፣ ምግብን ወይም ሥራን ትቶ ከቻትቦት ጋር ማሳለፍ
• ስልኩ ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ከባድ ጭንቀት ወይም ቁጣ
• «ከእሱ በቀር የሚረዳኝ የለም» ማለትና ከጎረቤት፣ ከእድር፣ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ መራቅ
• በቻትቦት ምክር ብቻ መድኃኒት መጀመር፣ ማቆም ወይም መጠኑን መለወጥ
• ቻትቦቱ የተለየ መልእክት እንደላከለት፣ ምሥጢራዊ ተልእኮ እንደሰጠው ወይም ሕይወት እንዳለው አጥብቆ ማመን

ስለ መጨረሻው ምልክት አንድ ነገር እንጨምር። ሶረን ኦስተርጎርድ የተባለ ዴንማርካዊ የአእምሮ ሐኪም ለአእምሮ መቃወስ የተጋለጡ ሰዎች ከቻትቦት ጋር ሲያወሩ የተሳሳተ እምነታቸው ሊጠናከር እንደሚችል በ2023 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች እንዲህ ያሉ ታካሚዎችን ሪፖርት አድርገዋል። ራሱን የቻለ አዲስ በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም፤ ነገር ግን ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወይም በቤተሰቡ ያለበት ሰው ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ታካሚ ሕክምናው እንደ ማንኛውም የአእምሮ ሕመም ይሰጠዋል፣ ይሻለዋልም።

በደህና ለመጠቀም የሚረዱ ምክሮች

1. ለመዘጋጀት ይጠቀሙበት። «ለሐኪም የማቀርባቸውን አምስት ጥያቄዎች ጻፍልኝ» ብለው ይጠይቁት። ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፤ ለእኛም ሥራ ያቀላል።
2. የነገረዎትን ለሐኪምዎ ይንገሩ። «ስልክ ላይ አይቼ ነው» ለማለት አይፈሩ። ሳይነግሩ መድኃኒት ከመቀየር መናገር እጅግ ይሻላል።
3. የመድኃኒት መጠን ከእሱ አይውሰዱ። በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሚያጠቡ እናቶች፣ ለኩላሊትና ለጉበት ታካሚዎች።
4. ተቃራኒውን ይጠይቁት። «ይህ ሐሳቤ የተሳሳተ ቢሆንስ? አደገኛ ምልክቱ ምንድን ነው?» ብለው ሲጠይቁት መስማማቱ ይቀንሳል።
5. ስምዎን፣ የካርድ ቁጥርዎንና የምርመራ ወረቀትዎን ፎቶ አያስገቡ። በአገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች መካከል መድቦታል። የብዙዎቹ ፕሮግራሞች ባለቤቶች ግን በውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዴ የላኩትን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው።
6. ከመተኛትዎ በፊት ስልኩን ያርቁ። ሐሳብ የሚበዛውም ጥገኝነት የሚጀምረውም ሌሊት ነው።

ለወላጆችና ለቤተሰብ

ልጅዎ ከቻትቦት ጋር ምሥጢር እንደሚያወራ ቢያውቁ መጀመሪያ ስልኩን አይቀሙት። ስልኩን ብቻ ሲቀሙት ችግሩን የሚነግረው ያጣል። ከዚያ ይልቅ ቡና ሲፈላ ወይም አብራችሁ ስትሠሩ በእርጋታ «ምን ምን ትጠይቀዋለህ? ምን አለህ?» ይበሉት። ሲነግርዎት አይሳቁበት፣ ለሌላ ሰውም አያውሩበት። ብዙ ወጣቶች ወደ ማሽን የሚሄዱት የሚገሥጻቸው ስለበዛና የሚያዳምጣቸው ስላነሰ ነው።

ልጁ ለእናት ለአባቱ መናገር ካልቻለ ለአክስቱ፣ ለታላቅ ወንድሙ፣ ለመምህሩ፣ ለንስሐ አባቱ ወይም ለሚያከብራቸው ሼህ እንዲናገር መንገድ ይክፈቱለት። ማን እንደሚሰማው ከማን ጋር እንደሚመቸው ይወሰናል። በውጭ አገር ከጓደኛ ቻትቦት ጋር አብዝተው ያወሩ የነበሩ ታዳጊዎች ራሳቸውን አጥፍተው ወላጆች ኩባንያዎችን የከሰሱባቸው ጉዳዮች አሉ። ካራክተር ኤአይ የተባለው ኩባንያ በ2025 እ.ኤ.አ. ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከፕሮግራሙ ጋር በነጻነት እንዳያወሩ ለማገድ መወሰኑን አስታውቋል። ይህ እንዲያስደነግጥዎት ሳይሆን የልጅዎን ዝምታ በቸልታ እንዳያልፉት ነው።

መቼ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል?

ከዚህ በታች ያሉት ሲታዩ ለቻትቦት በመጻፍ ጊዜ አያባክኑ፦

• ከቆላ ከተመለሱ በኋላ የመጣ ትኩሳት፤ በተለይ ማስመለስ፣ መቀባዠር ወይም የሽንት መጥቆር ካለ
• ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ትኩሳት ካለው ወይም አልጠባም ካለ
• በእርግዝና ወቅት ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ መንቀጥቀጥ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ
• ድንገተኛ የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም ንግግር መተሳሰር
• የደረት ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር
• ራስን የመጉዳት ወይም የመሞት ሐሳብ

በመጨረሻው ሁኔታ ሰውየውን ብቻውን አይተዉት። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ እንዲያውም ሸክሙን ያቀልለታል። አብረውት ይቀመጡ፣ ሊጎዳ የሚችልበትን ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፣ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። አምቡላንስ ለማግኘት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀልን በ907 መጥራት ይቻላል።

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቻትቦት ይወደኛል፣ ይናፍቀኛል ይላል። እውነት ነው?
ቃሉን ይናገራል፤ ሰዎች ሲዋደዱ የሚጽፉትን ብዙ አይቷል። ሲለዩት የሚሰማው ናፍቆት እንዳለ የሚያሳይ ማስረጃ ግን የለም። የእርስዎ ናፍቆት ግን እውነተኛ ነው፤ ምን እንደጎደለብዎት የሚነግርዎት ምልክት አድርገው ይዩት።

ሐኪም በአቅራቢያዬ ከሌለስ?
ለአጠቃላይ መረጃ ሊጠቅምዎት ይችላል። ለምርመራና ለመድኃኒት ግን በቀበሌዎ ካለው ጤና ኬላ ይጀምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የወባ ምርመራ ማድረግና ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ትችላለች።

ጭንቀት አለብኝ፤ ከቻትቦት ጋር ማውራት ሕክምና ይሆነኛል?
ለአንድ ሌሊት ሊያረጋጋ ይችላል። ጭንቀቱ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከሥራና ከእንቅልፍ ካሰናከለዎት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ድባቴ በምክርና በመድኃኒት የሚታከም በሽታ ነው።

ሐኪሜ በቻትቦት መጠቀሜን ስነግረው ተቆጣኝ። ምን ላድርግ?
«መልሱን ለማረጋገጥ ነው የመጣሁት» ብለው ያስረዱ። ካልተመቸዎት ሌላ ባለሙያ የመጠየቅ መብት አለዎት። በአንድ ሰው መቆጣት ምክንያት ከሕክምና አይቅሩ።

ዛሬ ማታ ስልክዎን ከፍተው የሚያስጨንቅዎትን ነገር ሊጽፉ ከሆነ፣ ከመዝጋትዎ በፊት አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ይህን ነገ ለማን እነግራለሁ?» የሰውየውን ስም በወረቀት ይጻፉ፤ ነገም ይንገሩት።